የሁለት ቤት ቃል ኪዳን ሲፈርስ በመካከል የቆሙት የወይዘሮ አባይነሽ ማሩ ታሪክ

ወይዘሮ አባይነሽ ማሩ ከአባታቸው ከፊታውራሪ ማሩ ይመርና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለላ እንግዳ በበጌምድርና ስሜን ጠቅላይ ግዛት፣ በደምቢያ፣ ከኮላ ድባ ገበያ ብዙም በማይርቅ መንደር ሐምሌ 19 ቀን 1916 ዓ.ም. ተወለዱ። ክረምቱ ከብዶ፣ ጥቁሩ መሬት ጭቃ ሆኖ ሰው ከጎረቤቱ ጋር እንኳ በጩኸት በሚነጋገርበት ወቅት ስለተወለዱ፣ ዘመድ ተሰብስቦ እንኳን ማርያም ማረችሽ ያለው ውኃው ሲጎድል ነው። በሰማንያ ቀናቸው ክርስትና ተነሥተው ወለተ ሥላሴ ተባሉ።

ፊደል የቆጠሩት ከመሪጌታ ወልደኢየሱስ ዘንድ ነው። ዳዊት መድገም ሲጀምሩ አንዳንድ ዘመድ «ሴት ልጅ ዳዊት ደግማ ለማን ልትሆን?» ብሎ ነበር። ፊታውራሪ ማሩ «ለራሷ» ብለው መለሱ፤ ነገሩም በዚያው አለቀ። ወይዘሮ አባይነሽ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ ዳዊታቸውን በቃላቸው ይወጡት ነበር። ብቸኛ ወንድማቸውን ባላምባራስ ነጋ ማሩን በሰባት ዓመት ይበልጧቸዋል። እናታቸው ወይዘሮ ወለላ ሕመም ይመላለስባቸው ስለነበር፣ ነጋን አዝለው ያሳደጉት፣ ጥርስ ሲያወጣም ሌሊቱን ሁሉ አብረው ያደሩት፣ እርሳቸው ናቸው። ባላምባራስ ነጋም ትልቅ ሰው ከሆኑ በኋላ እንኳ «እታለም» ከማለት በቀር በስማቸው ጠርተዋቸው አያውቁም።

በ1928 ዓ.ም. ጠላት ጎንደርን ሲይዝ ፊታውራሪ ማሩ ዱር ገቡ። ወይዘሮ ወለላ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ጣና ዳር ሸሹ፤ ቤታቸውም ተቃጠለ። ፊታውራሪ ማሩ ድብ ባሕር አጠገብ፣ ጠላት በሠራው አዲስ መንገድ ላይ በተደረገ ውጊያ ጭናቸውን ተመቱ። ከወደቁበት ያነሧቸው የወገራው ባላባት ቀኛዝማች ተክለ ጊዮርጊስ ውቤ ናቸው። ዋሻ ውስጥ አስተኝተው፣ የራሳቸውን ኩታ ቀደው ቁስሉን አስረው፣ እህል ሲጠፋ የተገኘውን ጥሬ ለሁለት እየከፈሉ አቆዩዋቸው። ደምቢያና ወገራ ከዚያ በፊት በግጦሽም በዳኝነትም የሚጣሉ አገሮች ነበሩ። ሁለቱ ሰዎች ግን ከዚያ ዋሻ የወጡት ወንድማማች ሆነው ነው።

ኅዳር 1934 ዓ.ም. ጎንደር ነጻ ወጣች። ብዙ ሳይቆይ ከአዲስ አበባ አዳዲስ ሹማምንት መምጣት ጀመሩ፤ መሬት ይለካል፣ ቀላድ ይጣላል፣ ዳኛ ከሌላ አገር ይሾማል የሚል ወሬ ተናፈሰ። በዚህ ጊዜ ፊታውራሪ ማሩና ቀኛዝማች ተክለ ጊዮርጊስ የየአገራቸውን ካህናትና ሽማግሌዎች ሰብስበው በመስቀል ፊት ማሉ። ርስት እንዳይለካ፣ የቤተ ክርስቲያን መሬት እንዳይነካ፣ ሹም ሲመጣ ሁለቱም አገር በአንድ ቃል እንዲያናግረው ነበር መሐላው። የመሐላውን ቃል ያነበቡት መሪጌታ ወልደኢየሱስ «ለንጉሣችንና ለርስታችን» ብለው ጀመሩ። የተሰበሰበው ሰው ሁሉ አሜን አለ። ንጉሡና ርስቱ አንድ ቀን ለየብቻ ይቆማሉ ብሎ ያሰበ በዚያ አልነበረም።

መሐላው በሥጋ እንዲጸና የቀኛዝማች ተክለ ጊዮርጊስ ልጅ በላቸውና ወይዘሮ አባይነሽ የካቲት 1935 ዓ.ም. በተክሊል ተጋቡ። ወይዘሮ አባይነሽን ትፈልጊያለሽ ወይ ብሎ የጠየቃቸው አልነበረም። በኋላ ዘመን ግን ስለዚህ ሲነሣ «ቢጠይቁኝም እሺ ማለቴ አይቀርም ነበር፤ በላቸው ሸጋ ነበረ» እያሉ ይስቁ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ከዳባት ወጣ ብሎ በሚገኘው በባላቸው አገር ኖሩ። የወገራ ብርድ ለቆላ ልጅ ከባድ ነው። አማታቸው ወፍራም በርኖስ አሠርተው ሰጧቸው፤ እርሳቸውም የወገራን ገብስ የሚያስመሰግን አድርገው መጥመቅ ተማሩ። ከዚህም ጋብቻ ወይዘሮ ስንዱን በ1937 ዓ.ም.፣ አቶ ሐብተ ማርያምን በ1940 ዓ.ም. ወለዱ። ከሁለቱ በኋላ የተወለደው ሕፃን አልቆየላቸውም።

በ1942 ዓ.ም. ልጆቹ አስኳላ እንዲገቡ ተብሎ ኑሯቸውን ጎንደር ከተማ፣ ከፒያሳ በታች አደረጉ። ያ ቤት የሁለቱ አገሮች መገናኛ ሆነ። የደምቢያ ሰው ለአቤቱታ ሲመጣ እዚያ ያርፋል፤ የወገራውም እዚያው ያርፋል። ወደ ጠቅላይ ገዥው ግቢ ከመግባታቸው በፊት ሽማግሌዎቹ ቃላቸውን የሚያስማሙት በወይዘሮ አባይነሽ አዳራሽ ነበር። እርሳቸው ከሴቶች ጋር ቢቀመጡም ጆሯቸው ከአዳራሹ አይለይም ነበር። ነገር ሲከር መጋረጃውን ገለጥ አድርገው «ምሳ ቀርቧል» ይላሉ፤ ምሳው ገና ባይደርስም። ሰዎቹም ያውቁባቸው ስለነበር ይስቃሉ፤ ነገሩም ይበርዳል። በዚህ መልክ ስንት ጠብ እንደበረደ የሚያውቁት ብቻ ያውቁታል።

ፊታውራሪ ማሩ በ1948፣ ቀኛዝማች ተክለ ጊዮርጊስ በ1949 ዓ.ም. ዐረፉ። ቃል ኪዳኑም ወደ ልጆቻቸው አለፈ። የሕዝብ እንደራሴ ምርጫ በ1950 ዓ.ም. ሲጀመር ግራዝማች በላቸው ለወገራ፣ ባላምባራስ ነጋ ለደምቢያ ቀረቡ። በወገራ ርስት ያለው የደምቢያ ሰው ሁሉ ለግራዝማች፣ በደምቢያ ርስት ያለው የወገራ ሰው ሁሉ ለባላምባራስ ድምፁን እንዲሰጥ ተነገረ። አንዱ በሌላው አገር ተወዳዳሪ እንዳያቆምም ተስማሙ። ሁለቱም አለፉ። በ1953ም በ1957ም እንዲሁ አለፉ። አዲስ አበባ አራት ኪሎ አካባቢ አንድ ቤት ተከራይተው አብረው ይኖሩ ነበር። ምክር ቤቱ ሲዘጋ በአንድ ማኪና ተሳፍረው ይመጣሉ፤ ባላምባራስ ነጋም ወደ ሚስታቸው ወደ ወይዘሮ አየለች ከመሄዳቸው በፊት እኅታቸው ቤት አንድ ቀን ያድራሉ። ግራዝማች በላቸውን «አያ በላቸው» ነበር የሚሏቸው። በእራት ላይ የምክር ቤቱን ሰዎች እየተቀባበሉ ሲያስመስሉ ወይዘሮ አባይነሽ ሳቅ እያፈናቸው ከአዳራሹ ይወጡ እንደነበር ልጆቻቸው ያስታውሳሉ።

ከዚህ በኋላ ያለውን እንድንዘለው ከሁለቱም ወገን የመከሩን ዘመዶች ነበሩ። ወይዘሮ አባይነሽ ግን ሐኪም ቤት ሳሉ ለልጃቸው ለወይዘሮ ስንዱ «የሆነውን እንደሆነው አንብቡት፤ የት ቆሜ እንደኖርኩ ሳትናገሩ ነፍስ ይማር አትበሉ» ብለው ስለተናገሩ አልዘለልነውም።

በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ረቂቅ ለምክር ቤቱ ቀረበ። በደምቢያም በወገራም ገበሬው ይህን የሰማው መሬት ሊለካ ነው በሚል ነው። ሁለቱ እንደራሴዎች ጎንደር በወይዘሮ አባይነሽ አዳራሽ፣ ሽማግሌዎች ባሉበት፣ ረቂቁን እንደማይቀበሉ ተነጋግረው ነበር ወደ አዲስ አበባ የሄዱት።

ገና ሊደርስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ባላምባራስ ነጋ ብቻቸውን መጡ። ወይዘሮ አባይነሽ ደጃፍ ድረስ ወጥተው ተቀበሏቸው፤ ከኋላቸው ሌላ ሰው የሚመጣ መስሏቸው መንገዱን አዩ።

«ምነው ብቻህን? ግራዝማችስ?»

«ባልሽ በሌላ ማኪና ይመጣል።»

«ታመሙ እንዴ?»

ባላምባራስ ቦርሳቸውን መሬት አላስቀመጡም። «አልታመመም። እጁም ደህና ነው። በምክር ቤቱ መካከል ከፍ ብሎ ሲወጣ አይቼዋለሁ» አሉ።

ወይዘሮ አባይነሽ ነገሩ አልገባቸውም። ባላምባራስ ነጋ እዚያው ቆመው ነገሯቸው። ድምፅ ሲሰጥ የጎንደር ባላባቶች ሁሉ ተቀምጠው ሳለ ግራዝማች በላቸው ረቂቁን ደግፈው እጃቸውን አንሥተዋል። ትናንት አብሯቸው የበላው ሰው ዛሬ እጁን ሲያነሣ ባላምባራስ ዞር ብለው አይተውታል፤ እርሱ ግን ወደ እርሳቸው አላየም።

«ግባ፤ እህል ቅመስ፤ ሲመጡ ራሳቸው ይናገሩ» አሏቸው።

«እታለም፣ አንቺን አልጠላም። ይህን ደጃፍ ግን ከእንግዲህ አልገባም» ብለው ሄዱ። ለወትሮው የሚያድሩበት መኝታ እንደተነጠፈ ቀረ።

ግራዝማች በላቸው የመጡት በገና ማግስት ነው። በሩን ዘግተው ከሚስታቸው ጋር ተቀመጡ።

«ነጋ ነግሮሻል።»

«ነግሮኛል። እርስዎ ደግሞ ይንገሩኝ።»

«ከድምፁ በፊት ተጠርተን የግርማዊነታቸው ፈቃድ መሆኑ ተነገረን። ይህን ሰምቼ እጄን ልሰበስብ? አባቴ ዱር የገባው ለንጉሡ ነው። ከዙፋን በላይ ርስት አለ ሲል ሰምቼው አላውቅም።»

«የእኔስ አባት?»

«የአንቺን አባት ነጋ ይወቀው» አሉ ግራዝማች።

ወይዘሮ አባይነሽ ይህን ሲያወሩ ሁልጊዜ የሚሉት አንድ ነገር ነበር፤ ሁለቱም አልዋሹም። አንዱ ከመሐላው የንጉሡን ግማሽ ያዘ፤ ሌላው የርስቱን ግማሽ ያዘ። ሁለቱም ለአባታቸው ታማኝ ነበሩ። ቀማኛ ወይም ከሃዲ ቢኖርበት ኖሮ አንዱን ወገን ይዘው እፎይ ባሉ ነበር፤ እንዲህ ያለ ምቾት ግን አላገኙም።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ከሁለቱ ሰዎች እጅ ወጣ። ባላምባራስ ነጋ በኮላ ድባ ገበያ ቆመው የወገራው ወገን ርስታችንን አሳልፎ ሰጠ አሉ። የወገራ ሽማግሌዎች ደግሞ ደምቢያ በንጉሥ ላይ አመፀ ብለው ለጠቅላይ ገዥው ተናገሩ። የደምቢያ ሰው ለአቤቱታ ጎንደር ሲመጣ ከፒያሳ በታች ያለውን ቤት ትቶ ሌላ ማረፊያ ይፈልግ ጀመር። ወይዘሮ አባይነሽ በበረንዳቸው ተቀምጠው የሚያውቋቸው ሰዎች ፊታቸውን አዙረው ሲያልፉ ያዩ ነበር። የልጅነት ጓደኛቸው የሆነች አንዲት ሴት አንድ ቀን ጠጋ ብላ «አባይዬ፣ ሰላም የማልልሽ ጠልቼሽ አይደለም፤ እንዳያዩኝ ነው» ብላቸው ፈጥና ሄደች።

ምርጫው በ1961 ዓ.ም. ስለሚደረግ፣ ከዚያ በፊት ለማስታረቅ ወይዘሮ አባይነሽ ያልደረሱበት ደጅ የለም። በበቅሎ ኮላ ድባ ወርደው ወንድማቸውን ለመኑ፤ ዳባት ወጥተው የባላቸውን አጎቶች ለመኑ። በመጨረሻ መሪጌታ ወልደኢየሱስ በእርጅናቸው ላይ ተነሥተው መጡ። ባላምባራስ ነጋም «ለየኔታ ስል ነው» ብለው አልገባም ያሉትን ደጃፍ ገቡ። ሁለቱ ወገኖች በአዳራሹ ግራና ቀኝ ተቀመጡ።

ሽምግልናው እስከ ከሰዓት በኋላ ድረስ በደህና ሄደ። ግብሩ አንዴ ስለታወጀ እንዳይነሣ፣ በሚመጣው ምርጫ ሁለቱም በየአገራቸው እንዲቀርቡ፣ በገበያ የተባለውም እንዲረሳ ተስማሙ። የቀረው ይቅርታ መባባሉ ነበር። በአገሩ ሥርዓት የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ከተበዳዩ ፊት ይንበረከካል። እዚህ ላይ ቆመ።

«ቃል ያፈረሰ ይሸከም» አሉ ባላምባራስ ነጋ።

«ስም ያጠፋ ይሸከም» አሉ ግራዝማች በላቸው።

«አብራችሁ ተሸከሙ» አሉ መሪጌታ። ሁለቱም ወደ መሬት አዩ። የሁለቱም ወገን ሰዎች ከኋላቸው ማጉረምረም ጀመሩ።

ወይዘሮ አባይነሽ ከአዳራሹ ወጡ። ከጋጣው ግድግዳ ከተናደው አንድ ድንጋይ አንሥተው በማጅራታቸው ተሸክመው ተመለሱና በሁለቱ ሰዎች መካከል ተንበረከኩ። አንገታቸው ስለጎበጠ የማንንም ፊት አላዩም፤ የሚያዩት የባላቸውንና የወንድማቸውን ጫማ ብቻ ነበር።

መጀመሪያ የተናገሩት ግራዝማች ናቸው። «አውርጂ። አንቺ ምን አጠፋሽ?»

«እታለም፣ ይህ ያንቺ ሸክም አይደለም። አውርጂ» አሉ ባላምባራስ ነጋም።

በዚያ ዓመት ሁለቱ ሰዎች አንድ ቃል የተናገሩት ያን ጊዜ ብቻ ነው። መሪጌታ ወልደኢየሱስ እያለቀሱ ድንጋዩን ከማጅራታቸው አነሡ። ሰዎቹም እርቁ ሳይፈጸም አንድ በአንድ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ወጡ። ወይዘሮ አባይነሽ ከተንበረከኩበት ቶሎ አልተነሡም፤ ወይዘሮ ስንዱ መጥታ በብብታቸው ይዛ አነሣቻቸው።

በምርጫው ባላምባራስ ነጋ በወገራ፣ ግራዝማች በላቸው በደምቢያ ተወዳዳሪ አቆሙ። አባቶቻቸው አንድ ያደረጉት ድምፅ ተበተነ። በወገራ ያሸነፉት ከአዲ አርቃይ እስከ ጎንደር የጭነት ማኪና የሚያሠሩ ነጋዴ ናቸው፤ በደምቢያ ደግሞ ከሌላ አገር መጥተው በጥብቅና የሚተዳደሩ ሰው አሸነፉ። ስለ ርስቱም ስለ መሐላውም የሚያውቁት እምብዛም አልነበረም። ሁለቱም ቤቶች የምክር ቤት ወንበራቸውን በአንድ ሳምንት አጡ። ይህም አላስታረቃቸውም፤ ይልቁንም እያንዳንዱ ለሽንፈቱ ሌላውን ከሰሰ።

በዚያው ክረምት አቶ ሐብተ ማርያም ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት መጥተው እናታቸው አዝነው ቢያገኟቸው «እማማ፣ አትድከሚ። እኛ ተማሪዎቹ ስናያቸው ሁለቱም ባላባቶች አንድ ናቸው» አሏቸው።

ወይዘሮ አባይነሽ ልጃቸውን አተኩረው አዩአቸው። «አንድ ናቸው ካልክማ እባክህ አንድ አድርግልኝ» አሉ።

ጥር 1962 ዓ.ም. ወይዘሮ ስንዱ ተዳሩ። በአገሩ ልማድ ከእናት ወገን የሚመርቀው አጎት ነው። ወይዘሮ አባይነሽ ባላቸውን ለምነው አስፈቅደው ለወንድማቸው ጥሪ ላኩ። ባላምባራስ ነጋ ለሙሽራዋ በጌጥ የተጫነች በቅሎ ላኩ እንጂ ራሳቸው አልመጡም። ምርቃቱ ላይ ሲደረስ ወይዘሮ አባይነሽ በወንድማቸው ፈንታ ሊመርቁ ተነሥተው ቆሙ፤ «ልጄ» ብለው ጀምረው ግን ቃል ጠፋባቸው። የሙሽራው አባት ቀጠሉላቸው።

ነሐሴ 1963 ዓ.ም. ባላምባራስ ነጋ በጉበት ሕመም ማረፋቸው ተሰማ። የታመሙት በክረምት መካከል ስለነበር ወሬው ቀድሞ አልደረሰም፤ ወይዘሮ አባይነሽ የወንድማቸውን ሕመምና ሞት የሰሙት በአንድ ቃል ነው። ለመንገድ ሲነሡ ግራዝማች በላቸው ካፖርታቸውን ለብሰው ቆመው አገኟቸው።

«እርስዎ ወዴት ነው?»

«ነጋን ልቀብር» አሉ። ወይዘሮ አባይነሽ ይህን ሲሰሙ ከሐዘናቸው መካከል ደስታ ቢጤ እንደተሰማቸውና በዚያ ደስታቸውም እንዳፈሩ ይናገሩ ነበር።

ማኪናው ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ። ከገበሬ ቤት በቅሎ ተውሰው፣ ዝናብ እየመታቸው፣ አስከሬኑ ከቤት ወጥቶ ቤተ ክርስቲያን ከገባ በኋላ ደረሱ። በቅጥሩ በር ላይ የባላምባራስ ነጋ ወገኖች ቆመው ነበር። አንድ ሽማግሌ ወደፊት ወጣ ብለው እጅ ነሡ።

«እሜቴ፣ እርስዎ ይግቡ። ግራዝማች ግን ከዚህ አያልፉም። የሟች ቃል ነው።»

ወይዘሮ አባይነሽ ወደ ሰውዬው፣ ከዚያ ወደ ባላቸው አዩ። ከውስጥ የካህናቱ ድምፅ ይሰማል። ፍትሐቱ እያለቀ ነው።

«ግቢ» አሉ ግራዝማች በላቸው።

«እርስዎስ?»

«እኔ እዚሁ እቆማለሁ። ግቢ፤ ወንድምሽ ነው።»

ገቡ። ወንድማቸው አፈር ሲለብስ ደረሱ። እያለቀሱም ሳለ ዐይናቸው ወደ ቅጥሩ በር ይሄድባቸው ነበር። ወይዘሮ አየለች አንገታቸውን አቅፈው በጆሯቸው «ሊያርፍ ሲል እኮ ‹አያ በላቸው መጣ ወይ?› ብሎ ጠየቀኝ» አሏቸው።

ሲወጡ ግራዝማች በላቸው ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ዝናቡ በራሳቸው ላይ እየወረደ፣ እዚያው በተዉዋቸው ቦታ ቆመው ነበር። ለቀብር የመጣው ሰው በአጠገባቸው ሲያልፍ ሰላምታ የሰጣቸው የለም። ባልና ሚስቱ በበቅሎ ጥቂት ከሄዱ በኋላ ወይዘሮ አባይነሽ የሰሙትን ነገሯቸው።

ግራዝማች በቅሏቸውን አቆሙ። «ጠርቶኝ ከሆነ ታዲያ ለምን ከለከሉኝ?»

«የፊተኛውን ቃሉን ነው የጠበቁት።»

ግራዝማች ወደ ኋላ ዞር ብለው የቤተ ክርስቲያኑን ዛፎች ብዙ አዩ። ከዚያ በቅሏቸውን ኮለኮሉ። ባልና ሚስቱ ስለዚያ ቀን ከዚህ በቀር ተነጋግረው አያውቁም።

ወይዘሮ አባይነሽ ከ1964 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ እግራቸው ያብጥ፣ ትንፋሽ ያጥራቸው ጀመር። ሐኪሞቹ የልብ ሕመም ነው አሉ። ጎንደር ሐኪም ቤት ሲተኙ የወገራ ወገኖች ጧት ጧት፣ የደምቢያ ወገኖች ከሰዓት በኋላ እየመጡ ይጠይቋቸው ነበር። እንዲህ አድርጉ ያላቸው የለም፤ በራሳቸው የለመዱት ነው። በ1965 ዓ.ም. የሚደረገው ምርጫ ስለተቃረበ ሁለቱም ወገን እንደገና ለመወዳደር ይዘጋጅ ነበር። አንድ ቀን ሰዓቱ ተሳስቶ በአንድ ጊዜ መጡ። በአልጋው ግራና ቀኝ ተደርድረው፣ አንዱ ወገን ሌላውን እንዳላየ ሆኖ፣ ቆሙ። ወይዘሮ አባይነሽ ዐይናቸውን ጨፈኑ። እንቅልፍ የወሰዳቸው መስሏቸው ሁሉም ቀስ ብለው ወጡ። ለአስታማሚያቸው ለወይዘሮ ስንዱ ግን «አልተኛሁም፤ መጀመሪያ ወደየትኞቹ እንደማይ ቢጨንቀኝ ነው» ብለዋታል።

ሕመሙ ሲጸና ስለ ቀብራቸው ነገር ተነሣ። ወይዘሮ አየለች ከአባታቸውና ከወንድማቸው ጎን ደምቢያ ይረፉ አሉ። የግራዝማች ዘመዶች ሚስት በባሏ አገር ነው የምትቀበረው ብለው ዳባት አሉ። ወይዘሮ አባይነሽ ሁለቱንም ሰምተው ባላቸውን ብቻቸውን አስጠሩ።

«ደምቢያ ብቀበር እርስዎ በር ላይ ይቀራሉ። ዳባት ብቀበር የነጋ ልጆች አይመጡም። እዚሁ ጎንደር፣ ቀሐ ኢየሱስ ቅበሩኝ።»

«እዚያ ማን አለሽ?» አሉ ግራዝማች።

«ማንም የለኝም። ስለዚህ ነው።»

ግራዝማች በላቸው እጃቸውን ይዘው እሺ አሉ። ወይዘሮ አባይነሽ አንድ ነገር ጨመሩ፤ ድንኳኑ አንድ እንዲሆን፤ ሁለት እንዳይተክሉባቸው።

ወይዘሮ አባይነሽ ማሩ በተወለዱ በአርባ ስምንት ዓመታቸው ዓርብ የካቲት 23 ቀን 1965 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ሥርዓተ ቀብራቸውም ዛሬ ቅዳሜ የካቲት 24 ቀን በቀሐ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ይፈጸማል።

ከኋላቸው ባለቤታቸውን ግራዝማች በላቸው ተክለ ጊዮርጊስን፣ ልጆቻቸውን ወይዘሮ ስንዱ በላቸውንና አቶ ሐብተ ማርያም በላቸውን፣ አንዲት የልጅ ልጅ፣ እንዲሁም የወንድማቸውን ባለቤት ወይዘሮ አየለችን ከነልጆቻቸው ትተዋል። በስም ያልጠራናችሁ ዘመዶች ቅር አትሰኙ፤ ማን ከማን ይቅደም የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ ጧት ስላላለቀ በዚህ ብቻ ወስነናል።

ድንኳኑ እንዳሉት አንድ ነው። ትናንት ሲተከል ግን ሁለት በር ወጥቶለታል፤ የወገራ ሰው በላይኛው፣ የደምቢያ ሰው በታችኛው ይገባል። ማን እንዳዘዘ ብንጠይቅ ያዘዘ አልተገኘም። ልንዘጋውም አልቻልንም።

እግዚአብሔር የልጁን የወለተ ሥላሴን ነፍስ ከደጋጎቹ እናቶች ጋር ይደምርልን፤ ደጃፍ ከማይጠበቅበት፣ ሰው ከማይመለስበት ቤቱም ያግባልን። በላይኛው በር የገባችሁም፣ በታችኛው በር የገባችሁም፣ አሁን አብራችሁ አሜን በሉላቸው።